ፍሪ ጽፌያለሁ፤ ሜሞሪው ለምን ይሞላል?

ጥያቄ፦ የሐይቅና የቆቦ ከተሞችን የ30 ዓመት ዕለታዊ ዝናብ በአር (የስታቲስቲክስ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) እተነትናለሁ። ለፍጥነት ብዬ ዋናውን ስሌት ጂኤስኤልን (ለሲ ቋንቋ የተዘጋጀ የሒሳብ ላይብረሪ) በሚጠቀም የሲ ፋንክሽን ጻፍኩት። በ«ዶት ኮል» (ከአር የሲ ኮድ መጥሪያ) እየጠራሁ 10,000 ጊዜ ዳግም ናሙና አወጣለሁ፤ ኤረር ቢመጣ ሉፑ እንዳይቆም «ትራይካች» ውስጥ አስገብቼዋለሁ። የሐይቁ ፋይል ያለችግር ያልቃል፤ የቆቦው ግን ላፕቶፑ ቀጥ እስኪል ሜሞሪ ይበላል። «ጂሲ» (የአር ሜሞሪ ማጽጃ) ብልም አይቀንስም። አንዳንዴ አር ራሱ ድርግም ብሎ ይዘጋል። መጨረሻ ላይ ፍሪ ማድረጌን (የያዝኩትን ሜሞሪ ማስለቀቄን) ደጋግሜ አይቻለሁ። (ከደሴ)

መልስ፦ ፍሪ መጻፉና ፕሮግራሙ እዚያ መስመር መድረሱ ለየቅል ናቸው። የቆቦው ፋይል ያልተመዘገቡ ቀናት ካሉት ነገሩ ከዚያ ይጀምራል። የሲው ኮድ ኤንኤ (ያልተመዘገበ ዋጋ ምልክት) ሲያገኝ «አርኤፍ ኤረር»ን (የአር ኤረር ማሰሚያ) ከጠራ፣ ወደ ቀጣዩ መስመር አይመለስም፤ ዘሎ አር ውስጥ ይገባል። ከሥር የደረደሯቸው ፍሪዎች አንዳቸውም አይሠሩም። ትራይካቹ ደግሞ ኤረሩን ዋጥ አድርጎ ሉፑን ያስቀጥላል። 30 ዓመት 10,957 ቀን ገደማ ነው፤ በ8 ባይት ሲባዛ አንድ ቬክተር (የቁጥሮች ድርድር) 88 ኪሎባይት ያህል ይይዛል። በየዙሩ ሁለት ቬክተር ከቀረ፣ በ10,000 ዙር 1.75 ጊጋባይት ሆነ ማለት ነው። «ጂሲ» የሚጠርገው አር ራሱ የያዘውን ብቻ ነው፤ ጂኤስኤል በማሎክ (የሲ ሜሞሪ መውሰጃ) የወሰደውን አያውቀውም።

ኤንኤን ቬክተር ከመውሰድዎ በፊት ይፈትሹ። ለጊዜያዊ ቦታ «አር አሎክ»ን ይጠቀሙ፤ ጥሪው በሰላም ቢያልቅም በኤረር ቢቋረጥም አር ራሱ ያስለቅቀዋል። ቦታውን በ«ጂኤስኤል ቬክተር ቪው አሬይ» ጠቅልለው ለጂኤስኤል ይስጡ። ቪው (የሌላን ሜሞሪ እንደ ቬክተር የሚያሳይ መሸፈኛ) የራሱ ሜሞሪ ስለሌለው ፍሪ አይደረግም፤ ካደረጉት ክራሽ ነው።

ቪውን በቀጥታ በአር ቬክተር ላይ መሥራትም ይቻላል፤ ግን የተዋሱት ዕቃ መሆኑን አይርሱ። «ጂኤስኤል ሶርት ቬክተር» ቢጠሩበት ዋናው ዝናብ ራሱ ይደረደርና ቁጥሮቹ ከቀናቸው ይለያያሉ፤ ኤረር እንኳ አያዩም። መጀመሪያ በ«ዱፕሊኬት» ይቅዱት፣ ቅጂውንም ጂሲ እንዳይጠርገው «ፕሮቴክት» ያድርጉት።

እንደ ኢንቴግሬሽን ዎርክስፔስ (ለኢንቴግራል ስሌት የሚያስፈልግ የሥራ ቦታ) ያለውን ግን ጂኤስኤል ራሱ ነው የሚሰጠው። በአንድ ጥሪ የሚያልቅ ከሆነ የኤረር ኮዱን በተለዋዋጭ ይያዙ፣ ፍሪ ያድርጉ፣ ኤረሩን ከዚያ በኋላ ያሰሙ። ከጥሪ ጥሪ የሚቆይ ከሆነ «ኤክስተርናል ፖይንተር» (ከአር ውጭ ያለ ሜሞሪን አድራሻ የሚይዝ የአር ዕቃ) ያስፈልጋል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፦ ፖይንተሩን ባዶውን ፈጥረው ፕሮቴክት ያደርጉታል፣ ፋይናላይዘሩን (ፖይንተሩ ሲጠረግ ፍሪ የሚያደርገውን ፋንክሽን) ያስመዘግባሉ፣ ዎርክስፔሱን ወስደው አድራሻውን የሚያስገቡት በመጨረሻ ነው። ዎርክስፔሱ ከቀደመና ፖይንተሩ ሲፈጠር ኤረር ከመጣ፣ ያው ፍሳሽ ተመልሶ ይመጣል።

አር ድርግም የሚለው ምናልባት የጂኤስኤል ኤረር ሃንድለር «አቦርት»ን (ፕሮግራሙን ወዲያው የሚዘጋውን) ስለሚጠራ ይሆናል፤ ሳይነካ ከተተወ ሥራው ይኸው ነው። በ«ጂኤስኤል ሴት ኤረር ሃንድለር ኦፍ» ያጥፉትና እያንዳንዱ ፋንክሽን የሚመልሰውን ቁጥር ይፈትሹ። ለማረጋገጥ አርን በቫልግራይንድ (የሜሞሪ ፍሳሽ መፈለጊያ መሣሪያ) ውስጥ ያስነሱ። እጅግ ስለሚያዘግም 50 ዙር ይበቃዎታል።

ጥያቄ፦ 30 በ12 የሆነ የወራት ማትሪክስ ለጂኤስኤል ስሰጥ ቁጥሮቹ ይዘበራረቃሉ። (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አር ማትሪክስን በዓምድ፣ ጂኤስኤል በረድፍ ያስቀምጣሉ። ቪውን 12 በ30 ብለው ይፍጠሩት፤ ምንም ሳይቀዱ እያንዳንዱ ረድፍ አንድ ወር ይሆናል።