መልስ፦ ከጣቢያ የወጣው ውሃ የት ይገባል?

ከማጣሪያ ጣቢያ የሚወጣው ውሃና በደንበኞች ቆጣሪ የሚነበበው ለምን እንደማይገጥም ጠይቀዋል። «ሁሉም ሌብነት ነው ወይ?» ላሉት፣ አይደለም። ሕገወጥ ቅጥያና ያረጀ ቆጣሪ ድርሻ አላቸው። ብዙ ጊዜ ግን ዋናው ጣጣ ያለው መሬት ውስጥ ነው።

አስፋልት ሰንጥቆ የሚፈነዳ ቧንቧን ሁሉም ያየዋል፤ ወዲያው ይደወላል፣ ይጠገናል። በሰከንድ 5 ሊትር ቢያፈስና በ12 ሰዓት ውስጥ ቢዘጋ የጠፋው 216 ሜትር ኩብ ነው። መጋጠሚያ ላይ ያለች፣ በደቂቃ 1 ሊትር ብቻ የምታፈስ ቀዳዳ ግን በቀን 1,440 ሊትር ትወስዳለች። ማንም ሳያያት 6 ወር ከቆየች 260 ሜትር ኩብ ገደማ ሄደ ማለት ነው። እኔን የምታንገበግበኝ ይቺ ናት። ተጣርቶ፣ በፓምፕ ተገፍቶ የመጣ ውሃ ነዋ!

እንዴት ትገኛለች? ሌሊት ሰው ሁሉ ተኝቶ ሳለ ወደ ሰፈሩ የሚገባውን ውሃ መለካት ነው። ያኔ ፍሰቱ እምብዛም ካልወረደ ቧንቧው እያፈሰሰ ነው። ከዚያ ቫልቭ በቫልቭ እየዘጉ ቦታውን ማጥበብ፣ በማዳመጫ መሣሪያ ድምፁን መከታተል። (ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ቦታ ነዋሪው ሌሊት ታንከር ስለሚሞላ ልኬቱ ሊያሳስት ይችላል።)

በጀት ካጠረ ከግፊት ይጀመር። ሌሊት ግፊቱ ሲቀነስ፣ ቀዳዳው ሳይደፈንም የሚፈሰው ያንሳል፤ አዲስ ስብራትም ይቀንሳል።