ቦቢ ዘንድሮም መዥገር ይዞ እንዳይመለስ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ሙቀቱ ሲጀምር በየዓመቱ ቤተሰቡ ሁሉ በመኪና ገጠር ወጥተን 10 ቀን ያህል እንቆያለን። ውሻችን ቦቢ 4 ዓመቱ ነው። እሱን ትተን መሄድ አንችልም፤ ልጆቹም እሺ አይሉም። ባለፈው ዓመት ስንመለስ ጆሮው ሥር ሁለት ትልልቅ መዥገሮች አገኘሁበት። ላምባ በጥጥ ነክሬ አደረግኩባቸው። አንደኛው ወደቀ፣ ሌላውን በጥፍሬ ስጎትተው ተበጠሰ። ቦታው አብጦ ከረመ። ዘንድሮ ምን ላድርግ? ቤት ውስጥ ድመትም አለችን።
የቦቢ አሳዳጊ

መልስ፦ እንኳን ጠየቁኝ። ከላምባው ልጀምር፤ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ስለሆነ። ላምባ፣ ቫዝሊን፣ የጥፍር ቀለም፣ የክብሪት እሳት፣ ሁሉም ችግራቸው አንድ ነው። መዥገሯ ስትጨነቅ ምራቋንና የመጠጠችውን ደም ወደ ቁስሉ መልሳ ልትተፋ ትችላለች። በሽታው የሚተላለፈው ደግሞ በዚሁ መንገድ ነው። ስለተበጠሰው ግን ብዙ አይጨነቁ። ቆዳው ውስጥ የሚቀረውን የአፏን ስባሪ ሰውነቱ ራሱ በጊዜ ገፍቶ ያወጣዋል። በመርፌ መቆፈር ነው የሚያባብሰው። እብጠቱ እየጨመረ ከሄደ ወይም መግል ከያዘ ግን ለሐኪም ያሳዩት።

ጫፉ ቀጭን የሆነ ወረንጦ ይግዙና ከጉዞ ዕቃዎ ጋር ያስቀምጡ። መዥገር ሲያገኙ ፀጉሩን በጣትዎ ግራና ቀኝ ይክፈሉ። የተነፋ ሆዷን አይያዙ። ወረንጦውን ቆዳው እስኪነካ ዝቅ አድርገው አፏ የገባበትን ቦታ ይያዙ። ከዚያ ሳያወዛውዙ፣ ቀስ ብለው፣ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ይሳቡ። ቶሎ አትለቅም። አፏ ላይ ወደ ኋላ የዞሩ እሾሆች አሉ፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ደግሞ እንደ ሙጫ የሚደርቅ ፈሳሽ ያፈሳሉ። «እንደ መዥገር ተጣበቀ» የምንለው ያለ ነገር አይደለም። ቆዳው ትንሽ ከፍ ብሎ ይከተልዎታል፣ ከዚያ ልቅቅ ትላለች። በጥፍርዎ አይጨፍልቋት። አልኮል ያለበት ትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ይክተቷትና ቀኑን ይጻፉበት። ቦታውን በሳሙናና በውሃ ያጽዱት፣ እጅዎንም ይታጠቡ።

ቁም ነገሩ ግን እሷን ማግኘቱ ላይ ነው። በራሴ ውሻ በጃክ የደረሰውን ልንገርዎት። ያኔም ሐኪም ነበርኩ። ከጉዞ እንደተመለስን ጆሮውን፣ አንገቱን፣ ሆዱን አየሁ፤ ምንም የለም። የእግሩን ጣቶች መሃል ግን ሳልገልጥ ቀረሁ። ሁለት ሳምንት ግድም ቆይቶ ጃክ ምግቡን አሽትቶ ትቶት ሄደ። በማግስቱ ነሰረው። የኋላ እግሩን ሁለት ጣቶች ስለያይ አንዲት የደረቀች ትንሽ ቁስል አየሁ። መዥገሯ ጠግባ ወድቃ ነበር። የደም ምርመራው ኤርሊኪያ የሚባለውን ባክቴሪያ አሳየ። 28 ቀን ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ወሰደና ዳነልኝ። እነዚያን የመጀመሪያ ሌሊቶች ግን አልረሳቸውም። ዛሬም መንገድ ላይ ስንሆን ጣቶቹን አንድ በአንድ ሳልከፍት አልተኛም።

ስለዚህ ማታ ማታ ቦቢን አጠገብዎ ያስተኙትና እጅዎን ከፀጉሩ አቅጣጫ በተቃራኒ ይስደዱ። ከዓይን ይልቅ ጣት ነው የሚያገኛት። ጆሮው ውስጥና ሥሩ፣ የዓይኑ ቆብ፣ በአንገት ማሰሪያው ሥር፣ ብብቱ፣ የጭኑ መጋጠሚያ፣ ጅራቱ ሥር፣ ጣቶቹ መሃል። ማሰሪያውን አውልቀው ይዩ። የጠገበችው የጉሎ ፍሬ ትመስላለች። (ጉሎ በሳይንሳዊ ስሙ ሪሲነስ ይባላል፤ ቃሉ በላቲን መዥገር ማለት ነው።) ገና ያልጠገቡት ትንንሾቹ ግን ከሰሊጥ ፍሬ ያንሳሉ። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፤ ወንድ ውሻም የጡት ጫፍ አለው። መዥገር መስሏቸው በወረንጦ ሲስቡት የቆዩ ሰዎች እኔ ጋር መጥተው ያውቃሉ፣ ውሻው በጣም ተጎድቶ። ከመሳብዎ በፊት በብርሃን እግሮቿን ይፈልጉ።

በየማታው የምለው በምክንያት ነው። ላይም የሚባለውን ሌላ የባክቴሪያ በሽታ ለማስተላለፍ መዥገሯ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቀን በላይ ተጣብቃ መቆየት አለባት። ኤርሊኪያ ግን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ሊተላለፍ ይችላል። ለዚህ ነው እጅ ብቻውን የማይበቃው፤ መድኃኒቱም ያስፈልጋል።

መድኃኒቱን ከመነሳትዎ ከሁለት ሳምንት በፊት ከሐኪምዎ ጋር ይጨርሱት። የሚታኘከው ኪኒን ብዙውን ጊዜ ለአንድ ወር ይሠራል፤ ፍሉራላነር የሚባለው ደግሞ እስከ 12 ሳምንት ይሄዳል። የሚሠራው በደሙ በኩል ስለሆነ መዥገሯ ነክሳ ነው የምትሞተው። የሞተች ቢያገኙበት «መድኃኒቱ አልሠራም» አይበሉ። ቦቢ የሚጥል በሽታ ኖሮት የሚያውቅ ከሆነ ግን ለሐኪሙ አስቀድመው ይንገሩት፤ እነዚህ ኪኒኖች አንዳንድ ውሾችን ሊያንቀጠቅጡ ይችላሉ። የአንገት ማሰሪያም አለ። ፍሉሜትሪንና ኢሚዳክሎፕሪድ የሚባሉ መድኃኒቶች ያሉበት እስከ 8 ወር ይቆያል። በማሰሪያውና በአንገቱ መሃል ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተዉ። መድኃኒቱ በፀጉሩ ላይ እስኪሰራጭ ጊዜ ይወስዳል፣ ስለዚህ በመነሻችሁ ጠዋት ማሰር ዘግይቷል። የትኛውንም ቢመርጡ ቦቢን ይመዝኑት፣ መጠኑ በኪሎው ነውና። ለትልቅ ውሻ የተሠራውን ቆርሶ መስጠት አይሆንም።

አሁን ወደ ድመቷ ልምጣ። ማጅራት ላይ ከሚንጠባጠቡት የውሻ መድኃኒቶች ብዙዎቹ ፐርሜትሪን የሚባል የተባይ መግደያ አላቸው። ፐርሜትሪን ድመትን ይገድላል። እሷ ላይ ባይደረግ እንኳ ገና ያልደረቀውን የውሻ ጀርባ ስትልስ ወይም ተለጥፋበት ስትተኛ ልትመረዝ ትችላለች። ትንቀጠቀጣለች፣ ምራቋ ይዝረበረባል፣ ራሷን ትስታለች። ይህን ካዩ ደቂቃ ሳያባክኑ ሐኪም ጋር ይሩጡ። እኔ ብሆን ድመት ባለበት ቤት ፐርሜትሪን ጭራሽ አላስገባም። ለቦቢ ኪኒኑን እመርጥለታለሁ።

መንገድ ላይ ደግሞ ይህን ያስቡ። መዥገር አትበርም፣ አትዘልም፣ ከዛፍም አትወርድም። ሣር ጫፍ ላይ ወጥታ የፊት እግሮቿን ዘርግታ ትጠብቃለች። የሚመጣውን እንስሳ በትንፋሹና በሙቀቱ ታውቀዋለች። ስለዚህ በመንገዱ መሃል፣ በማሰሪያ ይዛችሁት ሂዱ። ሽንት ለማሸናት መኪና ስታቆሙም ረጅሙ ሣር ውስጥ አትልቀቁት።

ስትመለሱ የተኛበትን ብርድ ልብስ በ60 ዲግሪ ውሃ እጠቡ፣ መኪናውንም በመጥረጊያ ማሽን አጽዱ። ቡናማዋ የውሻ መዥገር ቤት ውስጥ ልትራባ ትችላለች። አንዷ ብቻ በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች።

ከዚያ ቢያንስ ለ3 ሳምንት ቦቢን በቅርብ ይከታተሉት፤ የላይም ምልክት ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል። ምግብ ካስጠላው፣ ካተኮሰው፣ ካነከሰ፣ ከነሰረው፣ ድዱ ከነጣ ወይም ሽንቱ ከጠቆረ፣ ነገ አይበሉ። የት እንደነበራችሁና መቼ እንደተመለሳችሁ ለሐኪሙ ይንገሩት። ብልቃጧንም ይዘዋት ይሂዱ።