600 ብር ጭማሪ ይጎዳኛል ወይ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ኮምቦልቻ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ተቆጣጣሪ ነኝ። ደመወዜ 9,800 ብር ነው። ከመጪው ወር ጀምሮ 10,400 ይሆናል ተብያለሁ። ጓደኞቼ ግን «10 ሺህ ካለፍሽ 30 በመቶ ይቆረጥብሻል፣ ከድሮው ያነሰ ነው እጅሽ የሚገባው» ይሉኛል። ባይጨመርልኝ ይሻለኝ ይሆን?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ጭማሪሽን ተቀበይ። ኮምቦልቻ ፔሮል (የደመወዝ ሒሳብ) በምሠራበት ጊዜ በዚሁ ፍርሃት ዕድገት ደርሷት «ይቅርብኝ» ያለች ጎበዝ ልጅ ነበረች። ዛሬም ነገሩ ትዝ ሲለኝ ይቆጨኛል፤ ቁጭ ብሎ የሚያሰላላት ሰው አጥታ ነው።

30 በመቶው ጠቅላላ ደመወዝሽን አይነካም። የሚቆረጠው ከ10,000 በላይ ካለችው 400 ብር ላይ ብቻ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1395 ተሻሽሎ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሚሠራበት የደመወዝ ግብር ሠንጠረዥ የመጀመሪያው 2,000 ብር ግብር የለበትም። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20፣ እስከ 10,000 ያለው 25፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ ይከፈልበታል። ከ14,000 የሚያልፈው 35 ነው።

የሒሳብ ክፍል ሰዎች በአቋራጭ ነው የሚያሰሉት። 10,400ን በ30 በመቶ ያበዙና 3,120 ያገኛሉ። ከዚያ ላይ ለ30 በመቶው እርከን የተቀመጠውን 1,350 ይቀንሳሉ። ይህች ተቀናሽ ናት ታችኛው ብርሽ በዝቅተኛው መቶኛ መታሰቡን የምታረጋግጥልሽ። ስለዚህ ግብርሽ 1,770 ይሆናል። አሁን በ9,800 የምትከፍዪው 1,600 ነው። ልዩነቱ 170 ብር።

ጡረታሽ 7 በመቶ ስለሆነ ከ686 ወደ 728 ያድጋል። ሌላ ቅነሳ ከሌለብሽ እጅሽ የሚገባው ከ7,514 ወደ 7,902 ብር ከፍ ይላል። ከ600 ብሩ 388ቱ ያንቺ ነው። በዚያ ላይ ድርጅቱ በስምሽ የሚያስገባው 11 በመቶ ጡረታም አብሮ ያድጋል። ይህን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ለጓደኞችሽ አሳዪያቸው፤ ነገ እነሱም ዕድገት ይደርሳቸዋል።

ጥያቄ፦ ኦቨርታይም ግብር አለበት?

መልስ፦ አለበት። ከደመወዝህ ጋር ተደምሮ ነው የሚታሰበው። ጡረታ ግን በመደበኛ ደመወዝህ ላይ ብቻ ነው። እኔ የምመክርህ ከግብሩ በፊት ስሌቱን እንድታይ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ የሰዓት ደመወዝህ እስከ ማታ 4 ሰዓት ላለው የትርፍ ሰዓት ሥራ በ1.5፣ ከማታ 4 እስከ ንጋት 12 ሰዓት ላለው በ1.75፣ ለሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ ለሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ብዙ ሰው ብሩን የሚያጣው ግብሩ ላይ ሳይሆን እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው ደሴ ሆጤ ነው። በየቀኑ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እሠራለሁ። ደመወዜ 8,000 ብር ነው። ፋብሪካው ምሳ ያበላን ነበር፤ አሁን «በምትኩ በወር 1,500 ብር እንስጣችሁ» አሉን። ደስ ብሎን ልንፈርም ነው። የትራንስፖርት አበልም አለን።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሳትፈርሙ አንድ ቀን ታገሡ። የማምረቻ፣ የማዕድንና የእርሻ ድርጅት ለሠራተኛው በነፃ የሚያቀርበው ምግብ፣ መመሪያ በሚያስቀምጠው ልክ፣ ከግብር ነፃ ነው። በጥሬ ብር ሲሰጥህ ግን እንደ ደመወዝ ይቆጠራል። 8,000 ላይ 1,500 ሲደመር 9,500 ነው፤ ጭማሪው በሙሉ 25 በመቶው እርከን ውስጥ ይወድቃል። 375 ብር ሄዶ 1,125 ይቀርሃል። በወር 26 ቀን ብትሠራ ለአንድ ምሳ 43 ብር ከምናምን ነው። በዚህ ብር ፋብሪካው በር ላይ ካሉት ምግብ ቤቶች ምን እንደምትበላ አንተ ታውቃለህ። ወይ ምሳው ይቀጥል በሉ፣ ወይ ግብሩን የሚያካክስ ጭማሪ ጠይቁ።

የትራንስፖርት አበሉ በመመሪያ እስከተወሰነው ጣሪያ ድረስ ነፃ ነው፤ ትርፉ ግብር ይከፈልበታል። የቤት አበልና የኃላፊነት አበል ግን ስማቸው ቢለያይም እንደ ደመወዝ ናቸው። ለአለቆች የሚሰጠው ቤት፣ መኪናና በዝቅተኛ ወለድ የሚገኝ ብድርም በዓይነት የተገኘ ጥቅም ተብሎ ዋጋው ተገምቶ ግብር ይታሰብበታል።

ጥያቄ፦ ልጄ ደሴ ውስጥ በአንድ የግል ማኅበር ተቀጥሮ 4,500 ብር ይከፈለዋል። የደመወዝ ስሊፑን ሳየው ግብር 597.50 ይላል። ጎረቤታችን በዝቷል አለኝ። ልጁ ጠብ ይፈራል።

መልስ፦ እናቴ፣ ጎረቤትዎ ልክ ናቸው። 597 ከ50 የወጣው 600 ብር ብቻ ነፃ ከነበረበት ከአሮጌው ሠንጠረዥ ነው። በአዲሱ ልጅዎ መክፈል ያለበት 400 ብር ነው። በየወሩ 197.50 ያለአግባብ እየተቆረጠበት ነው፤ ይህ ለአንድ ጀማሪ ሠራተኛ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጠብ አያስፈልግም። ከሐምሌ 2017 ወዲህ ያሉትን ስሊፖች ሰብስቦ፣ አጭር ማመልከቻ ጽፎ ለፋይናንስ ክፍሉ ይስጥ፤ ቀሪውን ኮፒ አስፈርሞ ይያዝ። ማመልከቻው ላይ ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ትርፉ እንዲመለስለት፣ የተቆረጠው ብር ለገቢዎች ገቢ የሆነበት ማስረጃ እንዲታይለት። ዝም ካሉት ያንኑ ኮፒ ይዞ ገቢዎች ይሂድ። ብቻውን የሚፈራ ከሆነ እርስዎም አብረውት ይግቡ።