«ከፓንዳ ይረዝማል» ሲባል ከራሱ ነው ወይስ ከክንዱ?

ጥያቄ፦ ስኩዊድ ስለሚባለው የባሕር እንስሳ ለልጆች በማዘጋጀው ጽሑፍ ላይ «የግዙፉ ስኩዊድ ማደኛ ክንድ ከፓንዳ ይረዝማል» ብዬ ነበር። አራሚው «ከራሱ ከፓንዳው ነው ወይስ ከክንዱ?» አለኝ። «ከየፓንዳ» ብዬ ባስተካክለውስ?

መልስ፦ አራሚው ልክ ነው፤ «ከየፓንዳ» ግን ሌላ ስሕተት ያመጣል። አገናዛቢዋ «የ» ሌላ መስተዋድድ ሲቀድማት ትዋጣለች። «የጎረቤት ግቢ» ላይ «ከ» ሲገባ «ከጎረቤት ግቢ» ነው የምንለው። «ከየ» ካልን ነገሩ ወደ እያንዳንዱ ይዞራል፤ «ገንዘቡ ከየቤቱ ተዋጣ» እንደምንለው። «ከየፓንዳው» ያለ ሰውም ያወራው ስለ እያንዳንዱ ፓንዳ ነው።

እንግዲህ «ከፓንዳ» በአንድ መልክ ሁለት ነገር ይዟል፦ «ከ» እና «ፓንዳ»፣ ወይም «ከ» እና «የፓንዳ»። ብዙ ጊዜ ይህ አያስቸግርም። «ግቢዬ ካንተ ይሰፋል» ሲባል ግቢን ከሰው ጋር ያነጻጸረ የሚመስለው የለም። «የስኩዊዱ ዓይን ከፓንዳ ይበልጣል» ቢባልም ዓይኑ ወርዱ እስከ 27 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ ከዓይን ጋር መነጻጸሩ ግልጽ ነው። የእርስዎ ዓረፍተ ነገር የተለየው እዚህ ላይ ነው። ግዙፉ ስኩዊድ 12 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የዚህም አብዛኛው የሁለቱ ማደኛ ክንዶች ርዝመት ነው። ፓንዳ ከአፍንጫው እስከ ጭራው 2 ሜትር አይሞላም። ሁለቱም ትርጉም እውነት ስለሆነ አንባቢው የሚመርጥበት ነገር የለውም። «ከፓንዳው» ማለትም አይፈታውም፤ «ው» የሚታወቀውን ፓንዳ ብቻ ያመለክታል።

መፍትሔው የተዋጠውን ስም መልሶ መጻፍ ነው፤ ሲጽፉት ደግሞ ሌላ ጉድለት ይወጣል። ስኩዊድ ስምንት ክንድና ሁለት ረጃጅም ማደኛ ክንድ አለው፤ ፓንዳ ግን ያለው የፊት እግር ነው። ስለዚህ «ከፓንዳ የፊት እግር ይረዝማል» ይበሉ። ከመላ አካሉ ጋር ከሆነ «ከፓንዳ የሰውነት ርዝመት ይረዝማል» ይሁን። «ቁመት» አልልም፤ የባለ አራት እግር እንስሳ ቁመት ከመሬት እስከ ትከሻው ነው፣ በፓንዳ ደግሞ ከ1 ሜትር በታች።

«ስኩዊድ ከፓንዳ ይበልጣል» ካሉም በምን እንደሚበልጥ ይጨምሩ። 12 ሜትር የደረሰ ስኩዊድ በርዝመት የፓንዳን 6 እጥፍ ያህላል፤ በክብደት ግን 275 ኪሎ የሚመዝነው እንኳ የ100 ኪሎ ፓንዳ 3 እጥፍ አይሞላም። «በርዝመት» ወይም «በክብደት» የምትለው አንዲት ቃል ይህን ልዩነት ትሸከማለች።

አሁን አሁን የሚበዛው «ከፓንዳ የተሻለ ረጅም ነው» ግን አይጻፍ። «ተሻለ» የጥራት፣ የምርጫና የጤና ቃል ነው፤ ርዝመትን «ይረዝማል» ብቻውን ይገልጸዋል።