ጤናና ጠያቂዎቻችን፦ ነጭ ደም ሕዋሱ ቢወርድም ሊምፎሳይቱ ካልተነሳ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አባቴ 64 ዓመታቸው ነው፤ ከሳንባ ምች በተነሳ ሴፕሲስ (ኢንፌክሽን መላ ሰውነትን ሲያውክ) ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከገቡ ዛሬ አምስተኛ ቀናቸው። ሲገቡ ነጭ ደም ሕዋሳቸው 18,000 ነበር፤ ከዚያ ውስጥ ኒውትሮፊል 90፣ ሊምፎሳይት 4 ከመቶ። ዛሬ ጠቅላላው 11,000 ሆኗል፤ ኒውትሮፊሉ 91፣ ሊምፎሳይቱ ያው 4። እኛ ወረደ ብለን ተደስተን ነበር፤ ሐኪሙ ግን «ሊምፎሳይቱ አልተነሳም» አሉን። ምን ማለት ነው?
አስታማሚ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ አባትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። ኒውትሮፊልና ሊምፎሳይት ሁለቱም የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነቶች ናቸው፤ ሐኪሙ ያዩት የሊምፎሳይቱን መቶኛ ሳይሆን ብዛቱን ነው። እርስዎም ማስላት ይችላሉ፦ የ18,000 አራት ከመቶ 720 ነው፤ የ11,000 ደግሞ 440። ጠቅላላው በ7,000 ሲወርድ ሊምፎሳይቱም አብሮ ቀነሰ እንጂ አልተነሳም። የጤነኛ ሰው ከ1,000 በላይ ነው። ወረቀቱ 0.44 ብሎ ቢያሳይዎት አይደናገሩ፤ በሺህ ስለሚጽፍ ያው 440 ማለት ነው።

ሴፕሲስ ሲጠና ሊምፎሳይቶች ራሳቸውን በራሳቸው እያጠፉ ያልቃሉ፤ ጣፊያ ውስጥ ያሉትም ሳይቀሩ ይመናመናሉ። የመጀመሪያው ቀን ዝቅታ ብዙ አያስጨንቅም፤ ብዙዎች ላይ ይታያል። ክብደት ያለው አራተኛው ቀን አካባቢ ነው። በዚያ ቀን ከ600 በታች የቀሩ ሕሙማን በ28 ቀንም ሆነ በአንድ ዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከፍ ብሎ ታይቷል። መከላከያው ሲደክም በሽንት ቱቦ፣ በደም ሥር መስመር ወይም በመተንፈሻ ማሽኑ በኩል ሌላ ኢንፌክሽን ይገባል። ስለዚህ አልጋው አጠገብ እጅዎን በደንብ መታጠብዎ፣ ጉንፋን የያዘው ጠያቂ እንዳይገባ ማድረግዎ ትልቅ እርዳታ ነው።

ኒውትሮፊል ለሊምፎሳይት ሲካፈል ደግሞ መጀመሪያ 22.5፣ ዛሬ 22.75 ይመጣል። በጤና ጊዜ ከ1 እስከ 3 ነው። ሆኖም ከሌላ አገር ሰው ወሰን ጋር አያነጻጽሩት፤ በብዙ ኢትዮጵያውያን ዘንድ ኒውትሮፊል በጤናም ጊዜ ዝቅ ብሎ ይገኛል። የአባትዎን ቁጥር ከራሳቸው ከትናንቱ ጋር ማስተያየት ይሻላል።

ቁጥሩ የሚያሳስትበትም ጊዜ አለ። ሃይድሮኮርቲዞን ወይም ዴክሳሜታዞን ተጀምሮ ከሆነ ኒውትሮፊል ይወጣል፣ ሊምፎሳይት ይወርዳል፤ ይጠይቁ። ኤችአይቪ፣ ቲቢና የምግብ እጥረትም ሊምፎሳይትን ዝቅ ያደርጋሉ። ግሉኮስ ከሚንጠባጠብበት ክንድ የተቀዳ ደም ስለሚቀጥን ሄሞግሎቢኑና ፕላትሌቱም በአንድ ጊዜ ይወርዳሉ፤ ይህን ሲያዩ ከሌላኛው ክንድ እንዲደገም ያሳስቡ። ናሙናውን ራስዎ ወደ ውጭ ላብራቶሪ የሚያደርሱት ከሆነ ሐምራዊ ክዳን ያለው ቱቦ እስከ ምልክቱ መሞላቱን፣ ወዲያው 8 እስከ 10 ጊዜ በቀስታ መገልበጡን ያረጋግጡ። የረጋ ደም ቁጥሩን ያበላሻል። በየቀኑም ወደ አንድ ላብራቶሪ ይሂዱ፤ ማሽን በተቀየረ ቁጥር ንጽጽሩ ይፈርሳል።

ይህ ቁጥር ፍርድ አይደለም። 440 ይዘው የዳኑ አሉ። የደም ግፊት፣ ላክቴት (ሰውነት ኦክስጅን ሲያጥረው በደም ውስጥ የሚበዛ ንጥረ ነገር) እና ሽንት ከእሱ ይበልጥ ይመዝናሉ፤ 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው በሰዓት ቢያንስ 30 ሚሊ ሊትር መሽናት አለበት። ሊምፎሳይትን ከፍ ለማድረግ ተብሎ የሚሸጥ ቫይታሚን ከፋርማሲ ገዝተው አይምጡ።

ጥያቄ፦ የሞኖሳይት ኤችኤልኤ-ዲአር ምርመራ ለኤችአይቪ በምንጠቀምበት የሲዲ4 መሣሪያ ይሠራል?
የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ከልደታ

መልስ፦ ይህ ምርመራ ሞኖሳይት በተባለው ነጭ ደም ሕዋስ ላይ ያለውን የኤችኤልኤ-ዲአር ፕሮቲን ለክቶ የመከላከያን ጥንካሬ ያሳያል፤ በጣት ደም ሲዲ4 ብቻ በሚቆጥሩት ትንንሾቹ አይሠራም። ፍሎው ሳይቶሜትር (ሕዋሳትን በጨረር አንድ በአንድ የሚለይ መሣሪያ)፣ የሲዲ14 (የሞኖሳይት መለያ) እና የኤችኤልኤ-ዲአር ፀረ-አካላት፣ እንዲሁም የመለኪያ ቅንጣቶች ያስፈልጋሉ። በአንድ ሞኖሳይት ላይ ከ15,000 በላይ ፀረ-አካል ከተጣበቀ ጤናማ ነው፤ ከ8,000 በታች ከሆነ መከላከያው በግልጽ ተዳክሟል። ውጤቱን በመቶኛ ብቻ አይጻፉ፤ ወሰኑን የሚያሰምረው ባለሙያው ስለሆነ ከሌላ ላብራቶሪ ጋር አይነጻጸርም።

ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ግን በጉዞ ላይ ነው። ናሙናው ሙቀት ባገኘ ቁጥር ኤችኤልኤ-ዲአሩ በቱቦው ውስጥ ይጨምራል። የቸርችል ጎዳና በተጨናነቀበት ሰዓት በኪስ የመጣ ደም የተዳከመውን በሽተኛ ጤነኛ ያስመስለዋል። እንደተቀዳ በረዶ ላይ ይቀመጥ፤ በ4 ሰዓት ውስጥም ይቀለም።