ቋንቋውን ትቼ ልሂድ ወይ? ለአንዲት የደብረ ብርሃን መምህርት

የላኩልኝን ላሳጥረው። ደብረ ብርሃን ውስጥ የአንደኛ ደረጃ እንግሊዝኛ ያስተምራሉ። ክፍልዎ ውስጥ ከወለጋ ተፈናቅለው የመጡ፣ ከአጣዬ በኩል የመጡና እዚሁ የተወለዱ ልጆች አንድ ወንበር ይጋራሉ። ሁለተኛ ዲግሪ ሲያስቡ ባልደረቦችዎ «ትምህርት አመራር ተማሪ፣ ርዕሰ መምህር የሚኮነው በእሱ ነው» ይሉዎታል። የእርስዎ ልብ ያለው የመድብለ ባህል ትምህርት ላይ ነው፣ ማለትም የተለያየ ባህልና ቋንቋ ያላቸውን ልጆች በእኩልነት ማስተማር ላይ፤ በዚህ ስም የተከፈተ ፕሮግራም በቅርብ ስላላገኙ ግን ቋንቋውን ትተው ሌላ መስክ መፈለግ እንዳለብዎ ጠየቁኝ።

እኔ አይተዉት ባይ ነኝ። አመራሩም መጥፎ ሆኖ አይደለም፤ ቢሮ የሚወድ ይማረው። ከደብዳቤዎ እንደገባኝ እርስዎ የሚወዱት ክፍል መግባት ነው። ደግሞም በማስተርስ አንዱን ተመራቂ ከሌላው የሚለየው የመመረቂያ ጽሑፉ ጥያቄ እንጂ የፕሮግራሙ ስም አይደለም። እንግሊዝኛ ማስተማር ላይ ተመዝግበው ስለ መድብለ ባህል ክፍል መመራመር ይችላሉ፤ የሚከለክልዎ የለም።

ጥያቄውን ደግሞ ሳያውቁት ጽፈውልኛል። ድመት ለማለት የተጻፈውን የእንግሊዝኛ ቃል አንድ ልጅ «ጨት» ብሎ ሲያነበው ጫት ያለ መስሏቸው ክፍሉ በሙሉ እንደሳቀ፣ ልጁም ከዚያ ወዲህ እጁን እንደማያወጣ ነግረውኛል። ያ ልጅ ማንበብ ይችላል። በኦሮሚያ የተማረው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ የተማረበት ቁቤ ደግሞ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት የላቲን ፊደል ነው። በቁቤ «ሲ» የምንላት ፊደል ድምጿ ጭ ነው፣ «ኤክስ» ደግሞ ጥ ናት። እሱ የተማረውን ሕግ ሳያዛንፍ ነው ያነበበው። አስተማሪው ይህን ካላወቀ «ደካማ» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ካወቀ ግን የፊደሎቹ ድምፅ በቁቤና በእንግሊዝኛ የሚለይበትን ቁጭ ብሎ ያሳየዋል፣ ልጁም ከሌሎቹ ቀድሞ ላቲን ፊደል የለመደ በመሆኑ ቶሎ ይይዘዋል። «በቁቤ ማንበብ የጀመሩ ተማሪዎች እንግሊዝኛ ሲያነቡ የሚያጋጥማቸው» የሚል ጥናት ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከእርስዎ የተሻለ ማን ይሠራዋል?

አማርኛ ላይም ተመሳሳይ ነገር አለ፤ ከአማርኛ መምህራኑ ጋር ይነጋገሩበት። ብዙዎቹ ተፈናቃይ ልጆች ቤት ውስጥ አማርኛ ስለሚናገሩ «አማርኛማ ያውቃሉ» ይባላል። ጂም ከሚንስ የተባለ በካናዳ የሚሠራ ምሁር ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የመግባቢያን ቋንቋና የትምህርትን ቋንቋ ለይቶ አሳይቷል፦ ሁለተኛ ቋንቋ የሚማር ልጅ ለመግባባት ሁለት ዓመት ገደማ ሲበቃው፣ ለትምህርቱ ቋንቋ ግን አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈጅበታል። የእኛዎቹ ጉዳይ ትንሽ ይለያል፤ አፍ የፈቱበት ቋንቋ ሆኖ ሳለ የትምህርት ቋንቋቸው ሌላ ነበር። ንድፈ ሐሳቡን እንዲህ ካለ ጉዳይ ጋር ማጋጨት ነው ጥሩ ጽሑፍ የሚያወጣው።

በመስኩ ደጋግሞ የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ጄምስ ባንክስ ነው። የመድብለ ባህል ትምህርትን በአምስት ገጽታ ይከፍለዋል፦ የተለያዩ ባህሎችን ይዘት ወደ ትምህርቱ ማስገባት፣ ዕውቀት እንዴት እንደሚገነባ ማሳየት፣ ጭፍን ጥላቻን መቀነስ፣ ለሁሉም የሚደርስ የማስተማር ዘዴ፣ እና የትምህርት ቤቱን ባህል መቀየር። ትምህርት ቤቶቻችን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያው ላይ ይቆማሉ፤ ያውም ኅዳር 29 ሲደርስ የባህል ልብስ አልብሶ ማስጨፈር ነው። (ልጆቹ ይወዱታል፣ እኔም አልጠላውም፤ ግን በማግስቱ የንባብ ፈተናው ያው ነው።) የእርስዎ ጥያቄ አራተኛው ላይ ያርፋል፣ ስለ ሳቁ ካሰቡት ደግሞ ሦስተኛውም ላይ።

አሁኑኑ መጀመር ይችላሉ። ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያው በየዓመቱ የሚሞላ ፎርም አለ አይደል? ከሌላ ሰው ከመገልበጥ ይህንኑ ተግባራዊ ምርምር አድርገው ይሥሩበት። ልጆቹ ሲያነቡ የሚሳሳቱትን በቀንና በክፍል ይመዝግቡ፣ ስማቸውን ግን አይጻፉ። ወደ ጥናት ሲገባ የወላጅ ፈቃድ ግድ ነው። ስለ መፈናቀሉ ምንም አይጠይቋቸው፤ ጥናትዎ ስለ ንባብ ነው፣ የደረሰባቸውን እንዲያወሩ ማድረግ የእርስዎም የእኔም ሙያ አይደለም። የጥናት ቦታዎም ደብረ ብርሃን ይሁን። መንገድ በተዘጋ ቁጥር መረጃ ሳይሰበስቡ ሴሚስተር የሚያልፍባቸው ተማሪዎች አሉ።

ወደ ወረቀቱ ስንመጣ፣ የድህረ ምረቃ መግቢያውን ብሔራዊ ፈተና ማለፍ አለብዎ። የቋንቋ ሰው የሚሰናከለው ሒሳቡ ላይ ነውና ከእሱ ይጀምሩ። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ለማስላክ የወጪ መጋራት ጉዳይዎ ማለቅ ስላለበት በጊዜ ይጠይቁ። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ደጅዎ ነው፣ ፍቼ ላይ ሰላሌ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የትኛው በክረምት፣ የትኛው በሳምንት መጨረሻ እንደሚያስተምር ከሬጅስትራር ይስሙ፣ የሰው ወሬ አይበቃም። የትምህርት መምሪያው ስፖንሰር ካደረገዎ ውሉን ሳያነቡ አይፈርሙ፦ ደመወዝዎ ይቀጥላል ወይ፣ ሲመለሱ ስንት ዓመት ማገልገል ይጠበቅብዎታል፣ ወዴትስ ይመድቡዎታል? ይህን በቃል ከነገሩዎ በጽሑፍ እንዲሰጡዎ ይጠይቁ።