ኪዳን ላይ አለቅሳለሁ፣ ሱቅ ላይ እምላለሁ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ልብስ እሸጣለሁ። ባለትዳርና የልጆች እናት ነኝ። ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ለኪዳን ጸሎት ስቆም እንባዬ ይመጣል። እውነተኛዋ እኔ ይህቺ ናት እላለሁ። ሱቅ ስከፍት ግን ሌላ ሴት እሆናለሁ። እከራከራለሁ፣ እጮኻለሁ፣ ለመሸጥ ስል «ቁልቢን!» ብዬ እምላለሁ። ማታ ራሴን እጠላዋለሁ። ሁሉን ትቼ ገዳም ብገባስ?

መልስ፦ እኅቴ፣ የገዳሙን ነገር ላስቀድም፤ እሱ አጭር ነው። ባለትዳር ብቻዋን ብድግ ብላ አትመንንም። ሐዋርያው ባልና ሚስት ለጸሎት ብለው እንኳ ከመኝታ ሲለያዩ ተስማምተው፣ ያውም ለጊዜው ይሁን ብሏል (1ኛ ቆሮ. 7፥5)። ልጆችም አሉሽ።

ብዙ ሰው በዚህ ጉዳይ ማርታን፣ እኅቷ ማርያም ከጌታ እግር ሥር ተቀምጣ ስትሰማ በጓዳ ሥራ የባከነችውን፣ ይወቅሳል። ጌታ ግን ለምን ታበስያለሽ አላላትም፤ «በብዙ ነገር ትጨነቂያለሽ» ነው ያላት። ይህቺው ባለ ጓዳ ሴት ወንድሟ አልዓዛር በሞተ ጊዜ «አንተ ክርስቶስ የእግዚአብሔር ልጅ እንደ ሆንህ እኔ አምናለሁ» ብላ መሰከረች (ዮሐ. 11፥27)። ከጴጥሮስ ምስክርነት በምን ያንሳል? ኪዳን ላይ የምታለቅሰውም ሱቅ የምትከፍተውም አንቺው ነሽ። ንግዱ ኃጢአት አይደለም።

መሐላው ግን ነው። እዚህ ላይ አላባብልሽም። በ500 ብር የመጣልሽን ልብስ «ቁልቢን! 700 ነው የገባልኝ» ስትዪ፣ ታኅሣሥ 19 ስለት ይዘሽ የምትሄጂለትን መልአክ፣ ቅዱስ ገብርኤልን፣ ለውሸት ምስክር አቆምሽው። ማታ ራስሽን የሚያስጠላሽ ይኸው ይመስለኛል። ጌታ «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን» ብሏል (ማቴ. 5፥37)። መከራከሩስ ያለ ነው፤ ድሬ ላይ ሳይከራከር የሚገዛ ማን አለ? «የምሸጠው በዚህ ነው» በዪና ዝም በዪ። በስንት እንደገዛሽ ለማንም የመናገር ግዴታ የለብሽም።

ጸሎትሽንም ጠዋት ላይ ብቻ አትተዪው። 6 ሰዓት ሲሆን የድሬ ሙቀት ገበያተኛውን ይበትነዋል። ያ ሰዓት ጌታ የተሰቀለበት፣ የቀትር ጸሎት የሚደርስበት ነው። በሩን ገርበብ አድርጊና አቡነ ዘበሰማያት ድገሚ። ጠዋት የተቆጣሻትን ደንበኛም አስቢያት። ከቻልሽ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ጨምሪ። ከዚያ በላይ ያለውን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪ። መሐላውንም ሳትደብቂ ንገሪያቸው፤ ቀኖና የሚሰጡሽ እሳቸው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።